የኦልያድ ነጠላ

ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ከሚያወጣው ዳገት ላይ ባለው የሾዴ ቤት፣ ወለሉ ላይ ሁለት የሽመና ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተቆፍረዋል። በአንደኛው ሾዴ እግሩን ሰድዶ ይሠራል። በሌላኛው ልጁ ኦልያድ ይቀመጥ ነበር። አሁን እዚያ ያለው ለእናቱ ለብርሃኔ ብሎ ጀምሮ ግማሽ ያደረሰው ነጠላ ብቻ ነው።

ኦልያድ በሐምሌ ሳንባውን ታሞ ሞተ። እስከዚያ ድረስ ከእንጦጦ የሚወርዱ ፈረንጆችን ያለ ደላላ ለማነጋገር ሲል ማታ ማታ እንግሊዝኛ ይማር ነበር። የተማረውን ጠዋት ሥራ ላይ ለአባቱ ያስተምራል። መወርወሪያውን ሲወረውር ቃሉን ይላል፤ ማጉን ሲመታ ትርጉሙን።

የመጨረሻ ቃላቸው «ኪፕ» ነበረች።

«ኪፕ» ይላል ኦልያድ፣ መወርወሪያው ያልፋል። «ያዘው፣ አትመልሰው።» ጧ።

«እሺ፣ ያዝ ማለት ነው። ጨረስን» አለ ሾዴ።

«የት ጨረስን አባዬ! ‹ኪፕ ኢት ድራይ› ካሉህ እርጥበት እንዳይነካው ጠብቀው ማለት ነው።»

«አንድ ቃል ሁለት ሥራ? ደሞዟ ስንት ነው?»

«ገና ነው። ‹ኪፕ ዊቪንግ› ካሉህ ደግሞ መሸመንህን አታቋርጥ ማለት ነው።»

«በቃ፣ ፈረንጅ ቃል አልቆበታል።»

ኦልያድ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ሲተወው «ሌላም አጠቃቀም አላት» አለ። «እሱን ነገ እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ ከአልጋው አልተነሳም።

ከቀብሩ በኋላ ሾዴ የልጁን ድር ማንም እንዳይነካው ከለከለ። የወንድሙ ልጅ ልጨርሰው ቢል ተቆጣ። የሁለት ሰው እጅ የሠራው ጨርቅ ያስታውቃል፤ የአንዱ ምት ጠበቅ፣ የሌላው ላላ ይላል፤ እጁ የተቀየረበት ቦታ ፀሐይ ላይ ሲዘረጉት እንደ ጠባሳ ይታያል። ሾዴ ገበያ መሐል አንድ ነጠላ አንስቶ የማን እጅ እንደሆነ በመናገር ይታወቃል። በልጁ እጅ ላይ ሌላ እጅ እንዲገባበት አልፈለገም።

መስከረም ላይ ነጠላው አደገ።

መጀመሪያ አላመነም። ገበያ ውሎ ሲመለስ፣ ሽመናው ድሩ ላይ የቆመበትን ቦታ በዓይኑ ያውቀዋልና፣ አንድ ጣት ያህል አልፎ አገኘው። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። ማጉ አዲስ ነው፣ አቧራ የለበትም።

«ብርሃኔ፣ ይኼ ነገር አድጓል።»

ብርሃኔ ጥግ ላይ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷ ቆመና እንደገና ዞረ። «ዓይንህ ነው» አለችው።

ሾዴ እንደገና ዳሰሰው። ያን ቀን ግን ማዕዱ ሲቀርብ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና በላ።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ለልጁ ይለቅለት ጀመር። ጠዋት ተነስቶ ክር ነጋዴው አሽረፍ ሱቅ በር ላይ ይቀመጣል፤ ከሰዓት ይመለሳል፤ ነጠላው አድጎ ይጠብቀዋል። ለማንም አልተናገረም። ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን እንዳይቀርበት የሚፈልገው ዓይነት ነበር። ኦልያድ ይመጣል ማለት ነው። የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያቺን የቀረችውን አጠቃቀም አንድ ቀን መጥቶ ይነግረዋል።

አሽረፍ ክር እየጠቀለለ ይቀልድበታል። «ጋሽ ሾዴ፣ ዛሬም ሊገዙ ነው ወይስ ድንጋይ ሊያሞቁልኝ?»

«ድንጋይህ ቀዝቃዛ ነው፣ ኪፕ አድርገው።»

«እንደሱ አይባልም!» አሽረፍ ሳቀ። ዱባይ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ነው። «ይልቅ ሌላ አጠቃቀም ልንገርዎ። ዱባይ አሠሪዬ ሥራዬን ሲወድልኝ ‹ኪፕ ኢት አፕ›...»

«ዝም በል!»

ሾዴ ከድንጋዩ ተነስቶ ቆሞ ነበር። መንገደኛ ዞሮ አያቸው።

«እ... ማለቴ፣ ላስተምርዎ ብዬ እኮ ነው።»

«አንተ አትንገረኝ። ማንም አይነግረኝም። ልጄ ነው የሚነግረኝ።»

የአሽረፍ እጅ ክሩ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ብቻ «ኢና ሊላህ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቃላት አላነሳበትም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ያልታሰበ ዝናብ ወረደና ሾዴ ከቀትር በፊት ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሩ አጠገብ ሲደርስ ሰማው። ጧ። የልጁ ምት ነው፤ ጠንካራ፣ የማያመነታ። ከምቱ በፊት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኪፕ» የሚል ሰው አለ።

 ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ውኃው በአንገቱ ይገባል። ቢገባና ጉድጓዱ ባዶ ቢሆንስ? ባዶ ባይሆንስ? ተመልሶ ወደ አሽረፍ ሱቅ መውረድ ይችል ነበር፤ ወርዶ ቢሆን ነጠላው ነገም ያድግለታል። ነገር ግን ድምፁ የልጁ ከሆነ በር ላይ ቆሞ መቅረት አይሆንለትም። በሩን ገፋው።

ብርሃኔ ነበረች። እስከ ጉልበቷ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ፣ መወርወሪያው በእጇ ነው።

«ዝናቡ መለሰህ» አለችው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

በእነሱ በሸማኔዎቹ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ ጉድጓድ አትወርድም። የሾዴ አባት ቢሆኑ ድሩን በቢላ በጥሰው ይጥሉት ነበር። የክር መቁረጫው ቢላ ከሾዴ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ብርሃኔ አየችው፤ ግን ከጉድጓዱ አልወጣችም።

«ለመሥራት አልወረድኩም ነበር» አለች። «እግሩ በነበረበት እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው። መርገጫው ሲነካኝ ረገጥኩት። ከዚያ ጥግ ሆኜ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ... ቃሉንም ሲልህ ስሰማ ነው የለመድኩት፣ እጄን ያስኬድልኛል። ያን ቀን ስትመለስ አደገ አልክ። በላህ። ከቀብሩ ወዲህ ሙሉ ቁራሽ ስትጎርስ ያየሁህ ያን ቀን ነው። ዓይንህ ነው ብዬ ዋሸሁህና በማግስቱ እንደገና ወረድኩ።»

ሾዴ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ልብሱ ይንጠባጠባል።

«የቀረችውንስ ሰምተሻል?» አላት። «ነገ እነግርሃለሁ ያላትን።»

«እሱም አያውቃትም ነበር።»

«እንዴት አያውቃትም?»

«ለእኔ ነግሮኛል፤ መምህሩ በሚቀጥለው ቀን እነግራችኋለሁ ያሏት ናት። ከአንተ የሚቀድመው በአንድ ማታ ብቻ ነበር እኮ። ሊያጓጓህ ነው።»

 ሾዴ ተነስቶ ወደ ድሩ ሄደ። ብርሃኔ በሁለት እጇ ጨርቁን ሸፈነችው። እሱ ቢላውን አልነካም፤ እጆቿን አንሥቶ ነጠላውን በብርሃን አየው። ጠባሳው እዚያ ነበር። ኦልያድ ካቆመበት ጀምሮ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ምቱም አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል። ሳምንታት ሙሉ ሲዳስሰው የቆየ ጨርቅ ነው። የማንንም እጅ የሚለየው እሱ ግን ጠባሳውን አላየውም ነበር።

«ማጉን አጥብቀሽ ትስቢያለሽ» አላት።  «ላላ አድርጊው።»

ወደ ራሱ ጉድጓድ ገብቶ ተቀመጠ። ብርሃኔ ወረወረችና መታች። ሾዴ ከበር ውጭ ሆኖ የሰማውን ያንን ጠንካራ ምት ጠበቀ። የመጣው ለስለስ ያለ፣ የሚያመነታ ምት ነበር፤ አንዱን ለማጥበቅ ሁለቴ ትመታለች። እንደገና ወረወረች። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ሰጠ። ምቱ አሁንም የእሷ ነበር።

«በርቺ» አላት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ብርሃኔ እያለቀሰች ትሠራ ነበር፤ እሱም መወርወሪያውን አነሳ።