በቀይ ከፋይ የተጠቀለለው ካርቶን

"ኧረ ተነሡለት፣ ቅዱስ ነገር ይዟል" አለ ሹፌሩ ደምሌ፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ። ከወገዳ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው ሚኒባስ ገና ከመናኸሪያው አልወጣም፤ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሰው ተጠቅጥቋል። ያም ሆኖ ሁለት ሴቶች ከነዘንቢላቸው ተነሥተው ለወጣቱ ቦታ ለቀቁለት። ወጣቱ በቀይ ከፋይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ አቅፏል፤ የጨርቁ ጠርዝ ወርቃማ ዘርፍ አለው። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ ዘርፉን ተሳለመች።

ከኋላ የተቀመጠችው አሰለፈች ግን አልተነሣችም። ወጣቱን ታውቀዋለች። ይስማው ይባላል፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ድረስ መጥቶ አንድ የጭላዳ ዝንጀሮ ግልገል ገዝቶ ሄዷል። የያዘው ጥቅል ደግሞ ቁመቱም ወርዱም ልክ የብስኩት ካርቶን ያህል ነው። ካርቶኑን የሰጠችው ራሷ ናት፤ ግልገሉ እንዲተነፍስ ብላ ዙሪያውን በወስፌ የበሳችውም ራሷ ናት። አሁን ያ ሁሉ ቀዳዳ በከፋይ ታፍኗል።

'ይኼ ምን የሚሉት ጉድ ነው?' አለች በልቧ። 'ሥራው የቀና ከሆነ ምን ያስዋሸዋል?'

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ማለቂያ ነው። ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው ገብሷን ሲግጡ አሰለፈች ውሻዋን ለቀቀችባቸው። አዲስ ነገር አይደለም፤ እርሻው ገደል አፋፍ ላይ የሆነበት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ውሻውም ሌላ ጊዜ አባርሮ፣ ጮኾ፣ ምላሱን አውጥቶ ይመለስ ነበር። ያን ቀን ግን አንዷን እናት ያዛት። አሰለፈች ስትደርስ እናቲቱ ሞታለች፤ ግልገሏ ግን ደረቷ ላይ እንደተጣበቀ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጠጉሯ ፈልቅቃ ነው ያነሣችው።

ሦስት ሳምንት በነጠላዋ አዝላ፣ የጨርቅ ጫፍ ወተት ውስጥ እየነከረች አጠባችው። መንደሩም "አሰለፈች በስተርጅና ታቀፈች" እያለ ሳቀባት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ሳቅ የሰማው ያኔ ነበርና እሷም አብራ ሳቀች። አንድ ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ይስማው የመጣው ያንን አይቶ ነው።

"ባሕር ዳር አጠገብ ማቆያ አለ፣ እናቴ" ብሏት ነበር። "እናት የሌላቸው እዚያ ተሰብስበው ነው የሚያድጉት። ከወገኖቹ ጋር ይሆንልዎታል።"

አመነችው። የሰጣት ብር አንዲት የወለደች በግ ይገዛል፤ ዛሬ ገበያ የምትሄደውም ለዚያችው በግ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያመነችው ለበጓ ብቻ ብላ አልነበረም። ግልገሉ እያደገ ነው፣ ውሻው ደግሞ እዚያው ደጃፏ ላይ ይተኛል፤ እስከ መቼ በጀርባዋ ይዛው ትዞራለች?

መኪናው ጠጠሩን እየቆረጠመ ሄደ። ደምሌ "አቧራ ነው፣ መስኮት ዝጉ" አለ፤ ሁሉም ዘጋ። የጠዋቱ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ በቀጥታ ቀዩ ጨርቅ ላይ አረፈች። አሰለፈች ጆሮዋን ቀሰረች። ግልገሉ ትናንት ካርቶን ውስጥ ስታስገባው እንደ ሕፃን ነበር የጮኸው። ዛሬ ትንፍሽ አይልም።

ከይስማው ጎን የተቀመጡት መሪጌታ ወርቅነህ ናቸው። ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ተማሪ ቀለሙን ሳያጠና መጥቶ ሲያምታታ ገና ከአነሣሡ ያውቁበታል።

"ምንድን ነው የያዝኸው፣ ልጄ?" አሉት።

"ሥዕለ ማርያም ናት፣ አባቴ። ለደብራችን የተሣለች።"

"እሰይ። የትኛው ደብር?"

"ወይራ አምባ ሚካኤል።"

"አለቃው አሁን ማን ናቸው?"

ይስማው የጨርቁን ዘርፍ አስተካከለ። "አባ ገብረ መስቀል።"

መሪጌታ ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "እኔ ወይራ አምባ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲህ የሚባል አለቃ አላውቅም።"

"አዲስ ናቸው፣ በቅርብ ነው የተሾሙት።"

"ለመስቀል እዚያው ነበርሁ። ያኔ ነባሩ አለቃ ናቸው ደመራውን የባረኩት።"

መኪናው ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። አምና ከዚያው አካባቢ ከአንድ ደብር ጥንታዊ ብራና ጠፍቶ የትም ሳይገኝ ቀርቷል። ያ ነገር የሁሉንም ሆድ እንዳሻከረ ነው፤ እንግዳ ሰው ዕቃ ተሸክሞ በታየ ቁጥር ዓይን ይከተለዋል። "ብራና ይሆናል" አለ አንዱ። "ታቦት እንዳይሆን ብቻ" አለች ዘንቢል የያዘችው ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዘርፉን የተሳለመችው አሮጊት አማተበች።

"እንፍታውና እንየው እንጂ" አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ገበሬ፤ ሊነሣም ቃጣው።

"ማንም እጁን እንዳያሳርፍ" አሉ መሪጌታ። "ንዋየ ቅድሳት ከሆነ ያለ ካህን አይነካም።"

"እርስዎ አሉ አይደል?"

"እኔ ዜማና ቅኔ ነው ያለኝ፣ ክህነት የለኝም። ኬላ ስንደርስ ለፖሊስ እንነግራለን፤ ካህን ተጠርቶ ይፈታዋል።"

ሁሉም በዚህ ተስማማ። ሰውየውን እየጠረጠሩ ጥቅሉን ያከብሩታል፤ መኪናው ሲያንገላታ እንኳ ሁለት ሦስት ሰው "ቀስ፣ ቀስ" እያለ ሹፌሩን ይቆጣል። ጊዜውን የምትቆጥረው አሰለፈች ብቻ ናት። ከወገዳ ከተነሡ አንድ ሰዓት አልፏል።

ሌላው ሰው ሲያወራ ጠብቃ በይስማው ትከሻ ላይ ጎንበስ አለች። "ጨርቁን ላላ አድርግለት። ይታፈናል" አለችው በሹክሹክታ።

ፊቱን ሳያዞር መለሰላት። "የዱር እንስሳ ነው፣ እናቴ። የገዛም የሸጠም ይታሰራል። ዝም ካሉ ሁለታችንም በሰላም እንገባለን።"

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። መሸጡ የሚያሳስር መሆኑን ትናንት አልነገራትም። የሚያሳስር ከሆነስ ያ ማቆያ ምን ዓይነት ማቆያ ነው? ደግሞ ይኼ ሁሉ ሰው ያውቃታል፤ ግማሹ የሀገሯ ልጅ ነው። ነገ ስሟ በየደጃፉ ሊነሣ ነው። ዝም አለች። በዝምታዋም አፈረች፤ ግን ዝም አለች።

ኬላው ላይ መሪጌታ ቀድመው ወረዱና ለተረኛዋ ለሳጅን ሜሮን ነገሩን አስረዷት። ተሳፋሪው ሁሉ ተከትሎ ወረደ። ሳጅኗ መታወቂያውን ተቀብላ ይስማውን ግድግዳው አጠገብ አቆመችው። ጥቅሉን ደጅ ባለ ወንበር ላይ ንጹሕ ነጠላ አንጥፈው በክብር አስቀመጡት፤ ፀሐዩ ላይ። አንድ ሚሊሻ ከወንዝ ማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ካህን ሊጠራ ተነሣ።

"ቅዳሴ ላይ ናቸው" አሉ መሪጌታ። "እስኪወጡ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንጠብቃለን።"

"እንጠብቃለን" አለ ሰዉ። ከኋላ ግን ሁለት ጎረምሶች ድንጋይ ማንሣት ጀምረዋል። ይስማው ላብ አጠመቀው።

አሰለፈች ከመሀላቸው ወጥታ ወደ ወንበሩ ሄደች።

"አንቺ፣ እንዳትነኪው!" አሉ መሪጌታ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ መሪጌታ። ሥዕል አይደለም፤ ጭላዳ ነው። የሸጥሁለት እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልከለከላትም። ከፋዩን ፈታች፣ የካርቶኑን ክዳን ገነጠለች። ግልገሉ በጎኑ ተጋድሟል፤ ጠጉሩ በላብ ረጥቦ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፣ አፉ ተከፍቷል። አንሥታ ወደ ጥላ ወሰደችው። በነጠላዋ ጫፍ አራገበችለት፣ ሚሊሻው ከሰጣት ውኃ በጣቷ ከንፈሩን ዳበሰችው። ከአፉ ምሬት ያለው የመድኃኒት ሽታ ይመጣል፤ ለካ ይስማው አስተኝቶት ኖሯል። "በል እንጂ፣ በል እንጂ" ትላለች። ብዙ ቆይቶ ደረቱ አንድ ጊዜ ከፍ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ ጊዜ። ጣቷን በሙሉ እጁ ጨበጠ።

በዚያን ጊዜ ሰዉ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ታቦት ተሰረቀ ብሎ ሲንቀጠቀጥ የቆየ ሰው ነው። "ለዝንጀሮ ወንበር ለቀቅንለት እኮ" አለች ባለዘንቢሏ። "አንቺስ ወንበር ነው፣ እኔ ተሳልሜዋለሁ" አለች አሮጊቷ፤ እሷም ሳቋን አልቻለችውም። መሪጌታ "ተመስገን፣ ተመስገን" እያሉ ከፋዩን አራግፈው አጠፉና በብብታቸው ያዙ፤ የከነከናቸው የጨርቁ መርከስ ብቻ ነው። ጎረምሶቹ ድንጋያቸውን ጣሉ። ሳጅኗም የይስማውን መታወቂያ አምጥታ ልትመልስለት ወደ ውስጥ ገባች። ሰዉ ወደ መኪናው መመለስ ጀመረ።

የይስማው ፊት ተፈታ። ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋ። "በሉ ያምጡት፣ እናቴ። ገንዘቤን ከፍያለሁ።"

"ማቆያው የት ነው?"

"ማቆያ ምን ያደርግለታል? ባሕር ማዶ ነው የሚሄደው፣ ሀብታም ቤት። በጡጦ ይጠባል፣ ልብስ ይለብሳል፣ እንደ ልጅ ነው የሚያሳድጉት።" ስልኩን አውጥቶ አሳያት። የሕፃን ሹራብ የለበሰ ጭላዳ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው ሰንሰለት ከወንበር እግር ጋር ታስሯል። ዙሪያው ሰፊ ክፍል ነው፣ ሌላ አንድም ጭላዳ የለም። አሰለፈች የምታውቃቸው ጭላዳዎች የሚተኙት እንኳ ተቃቅፈው ነው።

"እስከ ዛሬ ስንት ወሰድህ?"

"ይኼ አራተኛው ነው።"

"ሦስቱስ ደረሱ?"

"አንዱ ደርሷል" አለ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

አሰለፈች ግልገሉን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ወደ ኬላው ቤት ገባች። ሳጅን ሜሮን መታወቂያውን ይዛ ልትወጣ ነበር።

"ለምን ትለቂዋለሽ፣ ልጄ?"

"መሪጌታ ያመለከቱት ስለ ሥዕል ነበር፣ እናቴ። ሥዕል ደግሞ የለም። በግልገሉ ያመለከተ ሰው የለም" አለች ሳጅኗ፤ ራሷም በመልሷ የረካች አትመስልም። "አመልካች ካለ መዝገብ ከፍቼ ሰውየውን አስቀራለሁ። ግልገሉም የዱር እንስሳት ባለሙያ እስኪመጣ እዚህ ይቆያል። ግን ከወዲሁ ይወቁት፤ የተቀበሉት ብር ይያዛል፣ እርስዎም ይጠየቃሉ። ላስፈራራዎት አይደለም፣ ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ከውጭ ደምሌ ክላክስ አደረገ። "አሰለፈች፣ ነይ እንጂ! ገበያው ሊበተን ነው።"

በመስኮቱ ወደ መኪናው አየች። ሁሉም ገብተው ተቀምጠዋል፤ ባለዘንቢሏ ቦታ ይዛላት በእጇ ትጠራታለች። ወገዳ ሲመለሱ ምን እንደሚያወሩ አሁኑኑ ይሰማታል። ግልገሉ ነጠላዋ ውስጥ ዞር ብሎ ደረቷን ፈለገና ተጣበቀ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መቀነቷን ፈትታ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ሳጅን ሜሮን መዝገቡን ስባ እስክሪብቶዋን አነሣች። "በየትኛው በኩል ልጻፍዎት፣ እናቴ? በአመልካች ነው በሻጭ?"

"በሁለቱም ጻፊኝ" አለች አሰለፈች።