ጠረጴዛ ላይ የሰነበተው ደም

የላቦራቶሪ ሠራተኛዋን አባቷ «ሐኪሜ» እያለ ነው የሚጠራት። ሐኪም አለመሆኗን ነግራው ነግራው ደክሟታል፤ እሱ እንደሆነ አንዴ ብሏል፣ አለቀ። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶብስ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ተሳፋሪ ጮኸ ብሎ አቅጣጫ አይቀይርም።

አምና ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ሊገባ ሲል ለጥናቷ ደም ሰጥቷት ነበር። የጥናቷ ጥያቄ አንድ ነው፦ ዕጢው ደም ውስጥ የሚለቀው ንጥረ ነገር፣ ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ቢሰነብት ይለወጣል ወይ? የእሱንና የሌሎች ሕሙማንን ደም እያካፈለች፣ ግማሹን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ግማሹን ጠረጴዛ ላይ ለቀናት አቆይታ ለካች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አባቷ ይህን ለጓደኞቹ ሲያወራ ከራሱ እየጨመረበት ስለነበር፣ መንገድ ላይ ሲያገኟት በአክብሮት እጅ ይነሷት ጀመር።

ዘንድሮ ለክትትል የሰጠው ደም ሲለካ ቁጥሩ አሻቅቦ ተገኘ። ዕጢው ተመልሶ ይሆናል ማለት ነው። አብሯት የሚሠራው ባልደረባዋ ሆደ ቡቡ ነው፣ ወንበር ሳበላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «አርብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳላስገባው ረስቼው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተበላሽቷል በይና ቀጣዩን ቀጠሮ ጠብቁ።»

ቀጣዩ ቀጠሮ ሩቅ ነው። ደሙ ደግሞ በዚህ እንደማይበላሽ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ምነው ባላወቅኩ ስትል ዋለች።

ማታ ቤት ስትደርስ አባቷ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የኮቱን ቁልፍ ይሰፋል።

«ምነው ሐኪሜ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?»

«አባዬ፣ የሰጠኸውን ደም ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ሰንብቷል።»

መርፌውን አቆመ። «ተበላሸ በይኛ?»

ዓይኑ እሺ እንድትለው ይለምናል። አዎ ብትል ዛሬን በሰላም ያድራል። ትወደዋለች፣ ለመዋሸት ያሰበችውም ስለምትወደው ነው፤ ግን አፏ እንቢ አላት።

«አልተበላሸም፣ አባዬ። ቁጥሩ ጨምሯል።»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ኮቱን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ ፈታው፣ እንደገና አጣጠፈው።

«ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ነገ ፈቃድ ጠይቂና ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ። ብቻዬን እፈራለሁ።»

እፈራለሁ ሲል ሰምታው አታውቅም። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘች።