የተከፈተው ሣጥን

ሂሳኖሪ ከሆስፒታል ይዞት የመጣውን ቦርሳ በር ላይ ጣል አድርጎ ጫማውን እንዳወለቀ፣ ባለቤቱ ቶሺኤ እጁን ይዛ ወደ ሳሎን ጎተተችው።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው። ጨፈነ። «እሺ፣ አሁን ግለጥ።»

ጠረጴዛው ላይ አፍንጫው መሰርሰሪያ የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና ቆሟል። በልጅነቱ ባየው የጭራቅ ፊልም ላይ ምድርን እየበሳ ከተማ ያዳነው መኪና፣ ተገጣጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ። ሂሳኖሪ ክው አለ።

እዚህ በጃፓኗ ሺዙኦካ ከተማ የፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥሞ የማያውቅ ሰው ብርቅ ነው። የሂሳኖሪ ቢጤ ሰብሳቢ ግን አይነካውም፤ የድሮ ፊልም መኪኖችን ሳይገጣጥም ከነሣጥናቸው፣ ከነማሸጊያቸው ያስቀምጣል። ማሸጊያው ከተቀደደ በቃ፣ አለቀለት። ይሄኛውን ደግሞ ጎልማሳነቱን ሁሉ ሲያስስ ኖሮ ያገኘው በስተርጅናው ነው። ታዲያ ሚስቱ የማይገጣጥመውን ለምን እንደሚገዛ በጠየቀችው ቁጥር «ጡረታ ስወጣ እሠራዋለሁ» ይላታል። የሰብሳቢ ባል ሁሉ ውሸት ይቺው ናት። ቶሺኤ አመነችው፤ ምን ታድርግ።

«እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሣጥኑን አውርደህ፣ አይተህ አይተህ መልሰህ ስትሰቅለው አንጀቴን በላኸኝ» አለች። «ለሆድህ ሕክምና ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ሠራሁልህ። የሚሄድበት ሰንሰለት ላይ ሙጫ አፍስሻለሁ፣ እንዳትስቅብኝ።»

አመስግኗት መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ለፕላስቲክ ይለቀሳል ወይ የሚል አይጠፋም፤ እንዲህ የሚል ሰው አጥብቆ የወደደው ነገር የለውም ማለት ነው። ወጥቶ እውነቱን ሊነግራት አሰበ። ደግሞ ፊቷ ታወሰውና አቃተው።

በማግስቱ የሰብሳቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ኑማታ መንደሪን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ገና ከመቀመጡ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ።

«ማነው ይሄን የከፈተው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሻይ ልትቀዳ ያጎነበሰችው ቶሺኤ ቀና አለች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«የማይከፈት ነበር እንዴ?»

«ወይዘሮ ቶሺኤ፣ ይሄ እኮ…» ብሎ ኑማታ ሲጀምር ሂሳኖሪ አቋረጠው።

«እኔ ነኝ ክፈቺው ያልኳት።»

እንዳላላት ቶሺኤ ታውቃለች።

ኑማታ፣ መታከም የነበረበት ሆድህ ሳይሆን ጭንቅላትህ ነው አለው። በማኅበሩ የፀደይ ትርኢት የተያዘለት ቦታ ላልተከፈተ ሣጥን እንደሆነ አስታወሰው፤ አባላቱ መሳቂያ እንደሚያደርጉት ነገረው፤ ቦታውን ለሌላ ልስጠው ወይ ብሎም ጠየቀው። እውነቱን ነው። እነዚያ ሰዎች ማፌዝ ከጀመሩ ምሕረት የላቸውም፤ ሂሳኖሪ ራሱ በስንቱ ሲያፌዝ ኖሯል።

ሂሳኖሪ ሚስቱን አያት። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች።

«ለማንም አትስጥ» አለ። «ይቺኑ መኪና ነው የማመጣው። ከሥሯ ‹የሠራችው ቶሺኤ› ብለህ ጻፍ።»