ጉሬዛዋ እስክትወርድ

«…አታገባ፣ አትመረቅ፣ ለመታወቂያ ፎቶ አትመጣ!» አለ ነብዩ የፎቶ ቤቱን በር በትከሻው ደግፎ። «ጉሬዛ ናት፣ ትርሲት። ጉሬዛ!»

«ቀስ በል። ጎረቤት ተኝቷል።»

«ይንቃ! ሚስቴ ከዝንጀሮ ጋር ቀጠሮ አላት ብዬ እኔው እነግረዋለሁ።»

«ዝንጀሮ ሌላ፣ ጉሬዛ ሌላ» አለች ትርሲት ረጅሙን ሌንስ በፎጣ እየጠቀለለች።

ጠቡ የተጀመረው ማታ እራት ላይ ነበር፤ አድሮ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ቡታጅራ ላይ የሚጋቡ ጥንዶች ለዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚያው ባለው ሐይቅ ዳር ፎቶ ሊነሡ ቀጥረዋል፤ ስም ጠርተው የፈለጉትም እሷን ነው። ነብዩ በጠዋት አብረው ወጥተው፣ ቦታውን አይተው፣ ተረጋግተው እንዲሠሩ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ እንደ ሰሞኑ ሁሉ ከወልቂጤ ወደ እምድብር ልትሄድ ነው።

«ዛሬን ብቻ ቅሪ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ሂጂ፤ ማን ያዘሽ?»

«ከነገ ወዲያ ትጠቁራለች።»

የጉሬዛ ልጅ ስትወለድ መላ አካሏ ነጭ ነው፤ ጥጥ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ነጩ ይደበዝዝና እንደ እናቷ ትሆናለች። አምና ትርሲት አንዷን አግኝታ፣ «ከዚህ ሠርግ በኋላ፣ ከዚያኛው ምርቃት በኋላ» ስትል ጠቁራባት ነበር። ከወልቂጤ ሕዝብ ግማሹን ለመታወቂያ አንስታለች፤ ማንም ሳያዛት፣ ለራሷ ብላ ያነሳችውና «ይኸ የኔ ነው» የምትለው ፎቶ ግን አንድም የላትም። የዘንድሮዋ ጨቅላ ደግሞ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ግራጫ ጀምሯታል። ያ ፊት ከእናቱ ደረት ብቅ ሲል፣ ጥርት አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት። ሌላ አልፈለገችም።

«እጠብቃታለሁ» አለች ቦርሳዋን አንግታ።

«እሷስ ትጠብቅሻለች? ደግሞ ስሚ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…»

ትርሲት ግን ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀምራ ነበር።

ከእምድብር ጥቂት በእግር የሚያስኬደው መንደር ጀፎረው፣ የጋራው አውራ መንገድ፣ ሰፊ ነው። ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል፤ መሐሉ የሁሉም የሆነ ሣር፣ ከጎጆዎቹ ጀርባ እንሰት። በጀፎረው ራስ ላይ ያለው አሮጌ ዝግባ የጉሬዛዎቹ ቤት ነው።

ሰሞኑን ትርሲት የምትሸሸገው ዝግባው አጠገብ በሚኖሩት በእማማ ወለተ ሐና እንሰት ውስጥ ነበር። አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ጉንዳን ሲነድፋት ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች። ጉሬዛዎቹ ግን አንድም ቀን አልተታለሉም። ከዛፉ ጫፍ ሆነው ቁልቁል ያዩዋታል፤ እናቲቱ ጀርባዋን ትሰጣታለች፤ ነጩ ነገር በጥቁሩ ፀጉር ውስጥ ይሰወራል።

ዛሬ ቦታ ለወጠች። ብርሃኑ በወዲያ በኩል ይሻላል ብላ ዝግባው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብርዱ ስለበረታባት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናነበች፤ ጉልበቷን አቀፈች።

የከተማ ልጅ ናትና አላወቀችም እንጂ፣ በዚያ መንደር እዚያ ድንጋይ ላይ በጠዋት ተከናንቦ የሚቀመጥ ሰው ተበዳይ ነው። «ዳኙኝ» ማለቱ ነው። አፍ አውጥቶ መናገር አያስፈልገውም፤ ድንጋዩ ይናገርለታል።

ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በለሆሳስ ሰላም ብለዋት አለፉ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። እማማ ወለተ ሐና ከደጃቸው ብቅ ብለው አዩዋትና ደረታቸውን ያዙ። «ወይኔ ልጄን! ለካ ይኸን ሁሉ ቀን እንሰቴ ውስጥ የምትሸሸገው ወደዚህ መምጣት ፈርታ ነው!»

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሽማግሌዎችን ይዘው መጡ፤ አቶ ተረፈንና አቶ ጀማሉን። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊቷ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ አቶ ተረፈ፣ «ማነው የበደለሽ?»

«ኧረ ማንም!»

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ይላል» አሉ አቶ ጀማሉ።

«አባባ፣ እኔ ጉሬዛ ነው የምጠብቀው። ፎቶ ላነሳ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ባሏን ልትሸፍን ነው» አሉ እማማ ወለተ ሐና በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው ከጀፎረው ማዶ ይሰማል።

«እስቲ እውነቱን» አሉ አቶ ተረፈ። «ዛሬ ከቤትሽ በሰላም ነው የወጣሽው?»

ትርሲት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«ይኸው!» አሉ እማማ ወለተ ሐና።

«አንዴ ተቀምጠሽበታል፤ እኛም ተቀምጠናል። ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ ከዚህ የሚነሳ ሽማግሌ የለም» አሉ አቶ ተረፈ።

አቶ ጀማሉ ስልካቸውን አወጡ። «መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት ነሽ አይደል? ባልሽ ነው ለመታወቂያ ያነሳኝ፤ ቁጥሩ አለኝ። ወላሂ፣ ዓይኔ ተጨፍኖ ነው የወጣው፤ እሱንም አብሬ እጠይቀዋለሁ።»

ጠዋቱ አለቀለት፣ አለች ትርሲት በልቧ። ተነሥታ መሄድ አሰኛት። ግን ነገም የምትመጣው እዚሁ፣ እነዚሁ ሰዎች መሐል ነው። ካሜራዋን ሦስት እግር ባለው ትራይፖድ ላይ አሰረችና ቁጭ አለች።

ሽማግሌዎቹ ነብዩን እየጠበቁ ወግ ያዙ፤ ስለታመመች ላም፣ እንሰት ስለሚያጠወልገው በሽታ፣ ስለ መንገዱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለና እኩል ነበር፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ። ፀሐይዋ ከጎጆዎቹ ክዳን በላይ ስትወጣ ትርሲት ከላይ ቅጠል ሲቆረጠም ሰማች። ቀና አለች። ነጭ ጅራት፣ እንዲህ ቀርቦ አይታው የማታውቀው፣ ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል። ከሱ ቀጥሎም ሌላ።

ቀስ ብሎ ገባት። እነዚህ ጉሬዛዎች የሽማግሌ ወግ እየሰሙ ነው የተወለዱት። ከዚህ ዛፍ ሥር ሰው ሁልጊዜ ተቀምጦ ያወራል። የማያወራው፣ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ ዓይኑን የሚተክለው ነብር ነው። ሰሞኑን ሁሉ ነብር ሆና ከርማለች።

የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። ወጉ ቆመ፤ ጅራቶቹም ወደ ላይ ተሳቡ።

«ምን ሆንሽ?» ነብዩ አቧራ እንደለበሰ ከሞተሩ ዘለለ። «‘ሚስትህ ድንጋይ ላይ ናት’ ይሉኛል በስልክ! ወድቀሽ መስሎኝ…» ሽማግሌዎቹን አየ። ድንጋዩን አየ። «ከሰስሽኝ?»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ አቶ ተረፈ። «ተበዳይ ትናገር።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ስህተት ነው፣ ይቅርታ። ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ ዛፉ ሥር ጭር ይላል፤ ጉሬዛዎቹም ጫፍ ላይ ይቀራሉ። ትርሲት ወደ ላይ አየች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ባሌ ሥራዬን ይንቃል» አለች። «ሰው ሲጠራኝ ሠራተኛ ነኝ፤ እኔ ራሴን ስጠራ ግን እብድ ነኝ። ይመልስ።»

«እኔ?» ነብዩ ብድግ አለ። «አባቶቼ፣ እኔ ንቄያት አውቃለሁ?» ብሎ ጀመረ፤ ከተጋቡበት ጊዜ ነው የጀመረው። ሽማግሌዎቹ በየመሐሉ «እህ» ይላሉ። ቅጠሉ እንደገና መቆርጠም ጀመረ። ትርሲት ሌንሱን ቀስ አድርጋ አቀናች።

«ነገር እየተነገረ ካሜራ?» አሉ አቶ ጀማሉ።

«ጆሮዬ እዚሁ ነው፣ አባባ።»

ጀርባ። ክንድ። ጅራት። አነሳች፣ አነሳች፤ ፊት የለም።

«…ለጉሬዛ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃለች» አለ ነብዩ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔ አንድ ነገር ስነግራት ግን እስክጨርስ አትጠብቅም። የቡታጅራውን ሥራ እኔም አነሳዋለሁ። እሱ አይደለም የከነከነኝ።»

ጣቷ ካሜራው ላይ ቀረ። ከላይ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ሰማች፤ ቀና ብትል ምናልባት አሁን ነው። ቀና አላለችም። ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች።

«ጨርስ» አለችው።

ጨረሰ፤ ረጅምም ነበር። ብቻውን ስለሚበላው ቁርስ ሳይቀር ተናገረ። ትርሲት ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል ሰማችውና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እዚህ ላይ እውነቱን ነው። በድያለሁ።»

«እሷም በድላለች፣ እሱም በድሏል» አሉ አቶ ተረፈ፤ ነገሩ የጣፈጣቸው ይመስላሉ። «ፍርዱ ቀላል ነው። ጨቅላዋ እስክትጠቁር ትርሲት እዚህ ትምጣ። ከዚያ በኋላ ከባሏ ጋር ትሥራ።»

«ለመጥቆር ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?» አሉ አቶ ጀማሉ። «ፍርድ ቀን ይፈልጋል።»

«ጾሙ እስኪገባ» አሉ እማማ ወለተ ሐና።

«የለም፣ የለም፤ ከዚያ በፊት ነው» አሉ አቶ ተረፈ።

«ሳምንት አይሞላም ነው ያለችኝ» አለ ነብዩ።

«ሳምንት! ጉሬዛ ናት ወይስ ዶሮ?» አሉ አቶ ጀማሉ።

ክርክሩ ደራ። እናቲቱ ጉሬዛ ወርዳ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠችና ተከራካሪዎቹን እንደ ቤተሰብ ቁልቁል አየቻቸው። ትርሲት ትንፋሿን አልያዘችም፤ እንዲያውም «እህ» አለች እንደ ሽማግሌዎቹ፣ ዓይኗ ሌንሱ ላይ። ጥቁር ደረት። ረጅም ክንድ። ክንዱ ቅጠል ሊቀጥፍ ተነሣ፤ ከሥሩ በነጭ ፀጉር የተከበበ ቀላ ያለ ፊት ብቅ አለ፤ ዓይኖቹ ክፍት፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ግራጫ፣ ትንሽ መዳፍ የእናቱን ፀጉር ጨብጦ።

ተጫነች። ደገመች። ክንዱ ተመለሰ።

ፎቶውን አጉልታ አየችው። ጥርት ብሏል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር።

ከላይ የጉሬዛዎቹ መሪ ወደሚቀጥለው ዛፍ ዘለለ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ናት። እናቲቱ ያንን ነጭ ነገር ታቅፋ በአየር ላይ ስትዘል ደግሞ ሌላ ፎቶ ነው። ትርሲት ትራይፖዱን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ከድንጋዩ ተነሣች።

«በዓይኔ ያየሁትን!» ይሉ ነበር እማማ ወለተ ሐና። «ያምናዋ የጠቆረችው ለጥምቀት ነው!»

«ያምናዋማ ከጥምቀት በኋላ ነች፣ እማማ» አለ ነብዩ፤ ከአቶ ጀማሉ አጠገብ ሣሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። «ለሠርግ ስንሮጥ አይደል ያመለጠችን?»

«ከጥምቀት በኋላ ስንት ቀን?» አሉ አቶ ተረፈ። «እሱን ንገረን።»

ትርሲት በእንሰቱ ዳር አድርጋ ወደ ታችኛው ዛፍ ወረደች። ሣሩ ለስላሳ ነው፤ ኮቴዋ አልተሰማም።