ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መርፌ አይነካውም

ሶርሳ ከወይጦ ቆላ የተመለሰው በጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ መካከል ተኝቶ ነው። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ነበር። ሦስት ሳምንት ጥጥ ሲለቅም ሰንብቶ ጂንካ ሲወርድ እግሩ አልጸና አለው። ሚስቱ አረጋሽ ደግፋ ከከተማው በላይ ወዳለው መንደራቸው አደረሰችው። ቆላ ወርዶ ብርድ ብርድ ሳይለው የተመለሰ ሰው ስለሌለ ማንም አልደነገጠም። ያልፋል ተባለ።

አላለፈም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ስታጥበው የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ አየችው። ሽንቱም ጠቁሮ የቆየ ሻይ መስሏል። ለማንም ሳትናገር ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገችለት። ነገር ግን የሶርሳ ታላቅ ወንድም ተሰማ ሊጠይቅ መጣና ጋቢውን ገለጠው። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አየ።

«የወፍ በሽታ ነው» አለ።

በዚያ አገር ይህ ከተባለ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። በሽተኛው የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ አየለች ወደምትባል መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል። የተወቀጠ ሥር በወተት ይጠጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ጤና ጣቢያ ግን አይሄድም። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው መርፌ ከነካው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞታል ይባላል። ይህን ሽማግሌውም፣ ወንጌላዊውም፣ አፉን የፈታ ሕፃንም ያውቀዋል።

አረጋሽም ታውቀው ነበር። አምና እህቷ ሽታዬ እንዲሁ ከቆላ ተመልሳ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አየለች ዘንድ ሲወስዷት ወተቱን በቅል ይዛ ያጠጣቻት ራሷ አረጋሽ ናት። ሽታዬ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞተች። እስክትሞት ድረስ ትንቀጠቀጥ ነበር። አረጋሽ ዓመቱን ሙሉ ያን መንቀጥቀጥ ስታወጣና ስታወርድ ኖረች። ልጅ ሳለች አንድ ጎረቤታቸውን የወፍ በሽታ ይዞት አይታለች። ሰውዬው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ግን አንድም ቀን አልተንቀጠቀጠም። ሽታዬን የገደላት ሌላ ነገር ነው ብላ በልቧ ይዛለች። ለማን ትናገረው?

ተሰማ የእድሩን ቃሬዛ አስመጥቶ አራት ሰዎች አቆመ። ሶርሳን አጋድመው ቁልቁል ወረዱ። ከገበያው በታች መንገዱ ይከፈላል። ግራው ወደ አየለች፣ ቀኙ ወደ ጤና ጣቢያው ነው። አረጋሽ ከኋላ ስትከተል ቆይታ እዚያ ስትደርስ ቀደመቻቸውና በግራው መንገድ ላይ ቆመች።

«በቀኝ» አለች።

ተሸካሚዎቹ ተሰማን አዩ። ተሰማ፣ አንቺ ሴት ከመንገድ ውጪ አላት። መርፌ የነካው ቀን ምን እንደሚሆን ጠፍቷት እንደሆነ ጠየቃት። አልጠፋኝም አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ተሸካሚዎቹ መለሰች።

«ባሌ ነው። ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ በሉ። ሽታዬን በእጄ አጠጥቼ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አላጠጣም።»

ጎሳዬ የሚባለው ከፊት በስተግራ የያዘው ሰው ወደ ቀኝ ዞረ። ሽታዬን የተሸከመው እሱ ነበር። ቃሬዛ ፊቱ ከዞረ የኋላው ከመከተል ሌላ ምርጫ የለውም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኙት የጤና ረዳቱን፣ ድሬሰር መኮንንን ነው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። የሶርሳን ጣት ወግቶ ደሙን በመስታወት ቁራጭ ላይ ቀባና በማጉሊያው ሲያይ ቆየ። ተሰማ በር ላይ ቆሞ፣ ዶክተር፣ የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳታስነካው ብሎ አስጠነቀቀ። መኮንን ቀና ሳይል ወባ ነው አለ፤ ደሙን ሞልቶታል፣ ጉበቱም ተነክቷል።

«ያየኸው ደሙን ነው» አለ ተሰማ። «ጉበቱን ማን ነገረህ?»

መኮንን ተነሥቶ ጣቶቹን ከሶርሳ ቀኝ ጎድን በታች አሳርፎ ጫን አደረገ። ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰው ሶርሳ አቃሰተ።

«እሱ ነገረኝ» አለ መኮንን።

ከዚያ ለአረጋሽ ብቻ፣ በቀስታ አስረዳት። ወባ ደምን ያፈርሳል። የፈረሰውን የሚያጣራው ጉበት ነው። ሲበዛበትና ሲታመም ቢጫው በዓይን ይወጣል። ጉበት ብቻውን የሚታመምበት በሽታም አለ፤ እሱን የእኔ መርፌ አይጠቅመውም፣ ሰዉም የሚፈራው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም አላት። መርፌ ገደላቸው የሚባሉት ብዙዎቹ ግን ሥሩን ጠጥተው፣ ሲያቅታቸው የመጡ ናቸው። ነገ ዓይኑ ከዛሬው ይልቅ ይብሳል፤ ያን ጊዜ እንዳትደነግጪ አላት። ይድናል ወይ ብላ ጠየቀችው። አላውቅም አለ። ጀምር ካልሽኝ ግን እጀምራለሁ። ጀምር አለችው።

ተሰማ ቃሬዛውን አስነሣ። «የምትወስጂው ሬሳ ነው» አላት። «ሬሳውን ራስሽ ተሸከሚ።»

«እሸከማለሁ» አለች።

የወባው መድኃኒት፣ ኩዊኒኑ፣ በመርፌ በደም ሥሩ ይንጠባጠብ ጀመር። መኮንን ስኳር በጥብጣ በማንኪያ እንድታጠጣው፣ ሽንቱንም በጠርሙስ እየያዘች እንድታሳየው አዘዛት። ፀሐይ ጠለቀች፤ ሶርሳ አልሞተም። ግን ደግሞ አልዳነም። ሚስቱን አላወቃትም፤ የጥጡን እርሻ አለቃ መስላው ዛሬ አልሠራም እያለ ይሟገታት ነበር። አትሥራ ትለዋለች፣ ስኳሩን ግን ጠጣ። በማግስቱ ዓይኑ እንደ እንቁላል አስኳል ሆነ። አረጋሽ አየችው፤ ማንኪያውን እንደገና ሞላችው። ተነሥታ አልሄደችም።

በሦስተኛው ቀን ሞተ የሚል ወሬ መንደር ደረሰ። እነተሰማ ቃሬዛውን ይዘው፣ ላዩ ላይ አዲስ አቡጀዲ አጥፈው መጡ። አረጋሽ በር ላይ አገኘቻቸው። አቡጀዲውን አየች። ገብታ ጠርሙሱን አምጥታ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ጥቁር የነበረው ሽንት ነጣ ብሎ ነበር።

«ጋሼ ተሰማ፣ ሬሳ ይሸናል?»

ጎሳዬ ሳቀ። ተሰማ አልሳቀም። ቃሬዛውን እዚሁ እንተውልሽ አለ።

«መልሱት። በእግሩ ይመጣል።»

በስምንተኛው ቀን መኮንን ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ጎሳዬ ቃሬዛ ላምጣ ብሎ ልኮላት ነበር፤ እንቢ አለች። ሶርሳ በትር ይዞ፣ በሌላ ጎኑ እሷን ተደግፎ ዳገቱን ተያያዘው። አሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ይቀመጣል። ሱሪው በገመድ ታስሯል። አንድ ጊዜ ቃሬዛውን ብትቀበዪ ምን ነበረበት ብሎ አጉረመረመ። እሷም ለመንደሩ ሰው ገና ሬሳ ነህ፤ ስምህ ከቃሬዛው ላይ አልወረደም አለችው።

መንደር ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሷል። ወደ ቤታቸው የሚያቋርጥ መንገድ ነበር። አረጋሽ በተሰማ ደጅ በኩል ወሰደችው። ተሰማ ከእንሰቱ መካከል ወጥቶ ቆመ። ወንድሙን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ቀርቦ ዓይኑን አየ።

«ገና ቢጫ ነው» አለ።

«አዎ፣ ቢጫ ነው» አለች አረጋሽ። «መርፌም ነክቶታል። ይኸው ቆሟል።»

ተሰማ ቤት ገብቶ አንድ በርጩማ ይዞ ወጣና በወንድሙ አጠገብ አኖረው። ለእሷ አላመጣላትም። ሶርሳ ተቀመጠ። አረጋሽ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ከጎኑ ቆማ ጠበቀች።