ባዶ የተተወው ረድፍ

የሳህኑን የመጨረሻ ረድፍ ባዶ የተውኩት ረስቼው አልነበረም። ሞግዚቱ ግን የረሳሁት መስሏቸው ሞሉልኝ።

ሞግዚቱ የምንላቸው የሴል ክፍሉ ቴክኒሻን ናቸው። በጠርሙስ ውስጥ የሚያድጉ ሴሎችን ሲያበሉ፣ ሲያጥቡና ሲበዙ ሲያከፋፍሉ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። እሁድ እንኳ ብቅ ብለው "ልጆቼ እንዴት አደሩ?" ይላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ናቸው፤ እሳቸውም ጠልተውት አያውቁም። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምንላቸው።

ሳህን የምለው መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው፤ ዘጠና ስድስት ጥቃቅን ጉድጓዶች በስምንት ረድፍ ተደርድረውበታል። በላይኞቹ ረድፎች የካንሰር ሴሎች፣ በመካከለኞቹ ጤነኛ ሴሎች አሉ። የመጨረሻው ረድፍ ሴል የለውም፤ ሳህኑን በወረቀት ሳዝ ባዶ እተወዋለሁ። እሱን እኔ ራሴ በጨው ውሃ እሞላውና የምሠራበትን ሞለኪውል እጨምርበታለሁ፤ ሴል በሌለበት ሞለኪውሉ እንደማይበራ ማሳያ ነው። እኛ ኬሚስቶች ይህን ሁልጊዜም በጨው ውሃ ነው የምናደርገው፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። የዚያን ሰኞ ጠዋት ሳህኑን ልወስድ ስሄድ የመጨረሻው ረድፍ እንደሌሎቹ ሮዝ ፈሳሽ ሞልቶበት አገኘሁት።

"ዘንግተሽው ነበር፤ ምግቡን ጨመርኩልሽ" አሉኝ ፈገግ ብለው።

አልዘነጋሁትም ማለት ነበረብኝ። "እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። ደግ የዋለልኝን ሰው ማረም አይሆንልኝም። በልቤ ግን አበላሹብኝ ብያለሁ።

ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሞለኪውል ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የሚያበራ ቀለም ነው። ሌላው ቀለሙን አፍኖ የያዘ ክዳን ነው፤ ክዳኑ እስካለ ድረስ ቀለሙ ጨለማ ነው። የካንሰር ሴሎች አንድን ኢንዛይም ከጤነኞቹ አብዝተው ያመርታሉ። ኢንዛይሙ እንደ መቀስ ነው፤ ክዳኑንና ቀለሙን ያያያዘውን ቦታ ሲቆርጠው ክዳኑ ይወድቃል፣ ቀለሙም ይበራል። የበራበት ቦታ ካንሰር አለ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሐሳብ የአለቃችን ነበር፤ በቀለሙ ምትክ መድኃኒት ማሰር። መድኃኒቱ እንደታፈነ በደም ውስጥ ይዞራል፣ ሌላ አካል አይነካም፣ ዕጢው ጋ ሲደርስ ብቻ ይፈታል። ይህን ሐሳብ ሐሙስ ዕለት ለሆስፒታል ሐኪሞች ሊያቀርቡት ነበር። ሐኪሞቹ ከተስማሙ መድኃኒቱ በሚቀጥለው ወር በአይጦች ላይ ይሞከራል። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ጨርሼ በዓመቱ መጨረሻ እመረቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሳህኑን ብርሃን መለኪያው ማሽን ውስጥ አስገባሁት። የካንሰሮቹ ረድፎች እንደ ወትሮው በሩ፤ ጤነኞቹ ጨለማ ሆኑ። ሁለት ዓመት ሳየው የኖርኩት ውጤት ነው። የመጨረሻው ረድፍ ግን አብሮ በራ። አንድም ሴል የለበትም፤ ከካንሰሮቹ ያነሰው በጥቂት ነው።

አለቃችን ለሐሙስ የሚያሳዩትን ስላይድ እያስተካከሉ ነበር። ቁጥሮቹን አሳየኋቸውና ሞግዚቱ ምግብ እንደጨመሩበት ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ተበላሽቷል። እሱን ረድፍ አውጪውና ሌላውን ላኪልኝ" አሉ።

አልተቆጡም። ባለፈው ወር በጨው ውሃ የሠራሁት ውጤት ስላለ እሱን እንደሚተኩበት ነገሩኝና ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ። የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም፤ በየላብራቶሪው የሚደረግ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። በዚያ ቀን እሺ ስል ሁለተኛዬ ነበር።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎናችን ግማሹ የእሷ መሥሪያ ነው፤ ከመስኮቱ አጠገብ አንዲት ራስ የሌላት የልብስ አሻንጉሊት ቆማለች። የምረቃ ቀሚሴ በስፒል ተወጣጥሮ እሷ ላይ ከዋለ ሁለት ወር አልፎታል። እህቴ ቀኑ ተቆርጦ እስክነግራት ድረስ ጠርዙን አልሰፋም ብላለች፤ እስከዚያ ትወፍሪ ወይም ትከሺ ይሆናል ብላ ነው። ለሰው ስታስተዋውቀን "ሁለት እህቶች አሉኝ፤ አንደኛዋ ዝም የምትለው ራስ ስለሌላት ነው፣ የዚችኛዋን አላውቅም" ትላለች።

ያን ምሽት እራቴን ስነካካ አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሞለኪውሉን ቀድሞም በክርና በመቀስ አድርጌ አስረድቻት ስለነበር ነገሩ ቶሎ ገባት። ስፒሎቿን ከአፏ እስክታወጣ ጠበቅኋት።

"እኔ ቤት መቀስ የሚያነሳ ብዙ ነው" አለች። "ክር ተቆርጦ ባገኝ አንቺ ነሽ ብዬ አልነሳብሽም። ማን ማን ገብቶ እንደነበር ነው የምጠይቀው። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማን ነበር?"

ምግቡ ብቻ እንደነበር ነገርኳት።

"ምግቡ ውስጥስ?"

ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ፈተና ላይ ጽፌው ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሞግዚቱ ለየትኞቹ ሴሎች ምን እንደሚሰጡ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሴሎቹ በሳህን ተዘጋጅተው በመስኮት ይሰጡኛል፤ እኔም ሞለኪውሌን በላያቸው እጨምራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሴል ክፍሉን ደፍ አልፌ አልገባሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ገባሁ። ሞግዚቱ ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ ነበር፤ አልዞሩም።

"ምግቤ ሳህንሽን አበላሸው አሉ" አሉኝ።

ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። ይቅርታ ለማለት መጥቼ ይሁን ለመጠየቅ ለራሴም አልለየልኝም ነበር፤ የቀለለኝን አደረግሁ። ለሁሉም ሴሎች የሚሰጡት ምግብ አንድ ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አሁን ዞረው አዩኝ።

"አንድ ዓይነት ይበላሉ እንዴ! ካንሰሮቹ ሆዳሞች ናቸው፤ ሴረም ካልገባበት አያድጉልኝም። ጤነኞቹ ደግሞ ቅምጥሎች ናቸው። ሴረም ከቀመሱ መልካቸው ይቀየራል። ለእነሱ ሴረም የሌለው ለብቻው ነው የሚመጣላቸው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እኔ ከማውቃቸው ጀምሮ። የጠየቀኝ ስለሌለ ነው እንጂ።"

ሴረም ከጥጃ ደም የሚለይ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ቀያዩ ነገር ተወግዶ የቀረ ደም ማለት ነው፤ በደም ውስጥ ከሚገኙት ኢንዛይሞች ብዙዎቹ አሉበት። በመጨረሻው ረድፍ የጨመሩልኝ የየትኛውን ምግብ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የካንሰሮቹን ነው አሉ፤ በዚያን ሰዓት የተከፈተው ጠርሙስ እሱ ስለነበረ።

የምንሠራበት መመሪያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሦስተኛው መስመር ሞለኪውሉ ምግቡ ሳይደፋ በላዩ ይጨመር ይላል። ሴሎቹ በእጥበት እንዳይጎዱ በሚል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አራት ትንንሽ ቱቦዎች እንዲያዘጋጁልኝ ለመንኳቸው። በአንደኛው የጨው ውሃ፣ በሁለተኛው የጤነኞቹ ምግብ፣ በሦስተኛው የካንሰሮቹ ምግብ፣ በአራተኛው ሴረም ብቻ። ሴል በአንዳቸውም የለም። ለምን አላሉኝም። በየቱቦው ላይ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈታቸው ስም ጻፉበት፤ እኔ ከሁሉም እኩል ሞለኪውል ጨመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሙቀት ውስጥ አስቀምጠን፣ መብራቱን አጥፍተን፣ ሰማያዊውን የእጅ መብራት አበራንባቸው።

ሁለቱ ጨለማ ነበሩ። የካንሰሮቹ ምግብ አረንጓዴ በራ። ሴረሙ ከእሱም ብሶ በራ።

ሁለት ዓመት ካንሰር አየን ስንል ያየነው የጥጃ ደም እንደሆነ ነገርኳቸው። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር።

"ባዶውን ብተወው ይሻልሽ ነበር" አሉ ሞግዚቱ።

አለቃችንን እሳቸው ያናግሩልኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አበላሸ የተባለው እሳቸው ስለሆኑ ከእሳቸው ቢሰሙት እንደማይከብድ አስረዱኝ። የምር ነበር ያሉት። እምቢ አልኳቸው። ለሰው እምቢ የማለት ልምድ ስለሌለኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ቱቦዎቹን በፎይል ጠቅልዬ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር፤ በሩን ስከፍት ጠፋኝ። ስለዚህ ምንም ሳልናገር የአለቃችንን መብራት አጠፋሁ፣ ቱቦዎቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ፣ ሰማያዊውን መብራት አበራሁ። ጎንበስ ብለው ስሞቹን አነበቡ።

"ሴሎቹስ?"

"ሴል የለም ዶክተር።"

ቀስ ብለው ማሰብ ጀመሩ፤ ማሰባቸው ይሰማኝ ነበር። ካንሰሮቹም ከሴረሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር ይኖራል አሉ፤ የሰኞው ቁጥር እኮ ትንሽ ብልጫ ነበረው። ሐሙስ ያለውን አሳይተን፣ አይጦቹ እስኪመጡ ባለው ወር ክዳኑን ማጥበቅ እንችል ይሆናል አሉ። ሐኪሞቹን ለማግኘት ስምንት ወር እንደጠበቁም ተናገሩ። ይህን ሁሉ የሚሉት ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። ሁሉም ሊባል የሚችል ነገር ነበር፤ ሦስተኛውን እሺ ብል ማንም ምንም አይለኝም።

"ዶክተር፣ ሴረም ደም ነው" አልኳቸው። "መድኃኒቱን ካሰርንበት የሚፈታው ዕጢው ጋ ሲደርስ አይደለም። መርፌው ገና ሲወጣ ነው።"

በአንድ ትንፋሽ ነበር ያልኩት። መብራቱን አበሩና ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

"ምረቃሽስ?"

"አውቃለሁ።"

ቱቦዎቹን ማን እንዳዘጋጃቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስልኩን አንስተው ሆስፒታል ደወሉ፤ እኔ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

የሐሙሱ ስብሰባ ተሰረዘ። በዚያው ቀን አለቃችን ሴል ክፍል ገብተው ከሞግዚቱ ጋር ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ሲወጡ ከግድግዳው ላይ መመሪያውን ገንጥለው ይዘውት ነበር። በአዲሱ መመሪያ መሠረት በመጨረሻው ረድፍ የየሴሎቹ ምግብ ይጨመርበታል። እህቴ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ቀሚሱን አጣጠፈችውና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ጠርዙ አልተሰፋም። አሻንጉሊቷ ራቁቷን ስትቆም ያሳዝናል ብላ የራሷን ሹራብ አለበሰቻት።

በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ክዳን መሥራት ጀመርኩ። ሲያልቅ ሞግዚቱ ሴረሙን ሰጡኝ። የመጀመሪያው ክዳን ሴረም ውስጥ በሃያ ደቂቃ ተፈታ። ሁለተኛው ሳይፈታ አንድ ሰዓት ቆየ።