የሰባተኛው ጉድጓድ ሣር

ሙቀቱ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሰባተኛው ጉድጓድ ሣር ፊቱ ጠቆረ።

በጎልፍ ሜዳ ላይ ኳሷ የምትገባበትን ጉድጓድ የሚከብበው ሣር እንደ ምንጣፍ ተላጭቶ የሚኖር ቅምጥል ነው። የሣር ጠባቂዋ አባት ሠላሳ ዓመት ተንከባክበውት ዓይናቸው ሲደክም ለእሷ አስረከቡ። "ሙቀት ሲመጣ ውሃ እንዳትነፍጊው" ብለዋት ነበር። እሷም አልነፈገችውም። ጠዋት ማታ አጠጣችው፤ ጠዋት ማታ ባሰበት።

የሜዳው ሥራ አስኪያጅ እየሮጠ መጣ። "ውድድሩ እኮ ቅዳሜ ነው! ቆመሽ ታይዋለሽ? አጠጪው እንጂ!"

እሷ ተንበርክካ በቢላዋ የጡጫ ያህል አፈር ከነሣሩ ቆርጣ አነሳች። ጨቅይቷል፤ ጨበጥ ስታደርገው ውሃ ይንጠባጠባል። ሥሩ ቅንድብ አያክልም። ቴርሞሜትር ሰካችበት፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ገላ ይመስላል። ክው አለች። ሣሩ አልተጠማም፤ ትንፋሽ አጥቶ እየተቀቀለ ነው፤ ያውም በገዛ እጇ።

"ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አይከፈትም። ተጫዋቾቹም ሰባተኛውን ይዝለሉት።"

"አብደሻል እንዴ? ቢያርርስ?"

"ካረረ ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ።"

ቤት ገብታ ለአባቷ ስትነግራቸው ግን ድምፃቸው ተሰበረ። "ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ስገድለው ነው የኖርኩት?"

"ኧረ በጭራሽ! ያኔ እንዲህ ያለ ሙቀት መቼ ነበረና፣ አባዬ?"

የማጨጃውን ምላጭ ከፍ አደረገች፤ ቅጠሉ ትንሽ ረዘም ብሎ እንዲያርፍ። በቀጭን ብረት፣ በጉልበቷ እየዳኸች፣ አየር እንዲገባው ሣሩን ከዳር እስከ ዳር በሳሳችው። ቀትር ላይ ብቻ እንደ እስትንፋስ የደቀቀ ውሃ ትነፋበታለች፤ ቅጠሉ ቀዝቀዝ ይበል እንጂ አፈሩ አይርስ። ውድድሩ ሰባተኛውን ዘሎ አለፈ። ስንቱ አጉረመረመ! እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በሦስተኛው ሳምንት አባቷን ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጁም አንገቱን አስግጎ ቆመ። ሌላ ቁራጭ አፈር ቆርጣ ስታነሳ እጇ አየር ላይ ቀረ። ብረቱ በስቶ ያለፈበትን እያንዳንዱን ቀዳዳ ይዞ፣ እንደ ሐር ክር የነጣ፣ የሌባ ጣት ያህል የረዘመ ሥር ቁልቁል ወርዷል። ሰው ጥላ ሥር በሚያቃስትበት በዚያ ንዳድ፣ ማንም ሳያየው፣ ይሄ ሁሉ ታች ሲሠራ ከርሟል።

"እጅዎን ይስጡኝ፣ አባዬ።"

አባቷ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱት፤ አንዱን ክር ይዘው እስከ መጨረሻው ወረዱ። እንደገና ዳሰሱት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ከእሳት ውስጥ?" አሉ በሹክሹክታ። "ከእሳት ውስጥ ነው ይሄ የወጣው?"

ሥራ አስኪያጁ ያን የተተኮሰ ሱሪውን ረስቶ አጠገባቸው ተንበረከከ።

"መልሺው ልጄ" አሉ አባቷ በመጨረሻ። "ፀሐይ አያግኘው።"

እሷም ትንፋሿን ውጣ ቁራጩን ወደ ቦታው መለሰችው።